የዘጠኝ ሰዓቱ እርማት

ከስቱዲዮ ሲወስዱኝ የጆሮ ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነበር። ደረጃውን ስንወርድ ገመዱ ከኋላዬ ይጎተታል፤ ከያዙኝ ሁለት ሰዎች አንዱ ረገጠውና አንገቴን ወደ ኋላ ሳበኝ። «ይቅርታ» አለኝ። በዚያ ሰሞን ከእነሱ ወገን የሰማሁት ይቅርታ ያ ብቻ ነው።

የወሰዱኝ ወልድያ ውስጥ ቀድሞ የእህል መጋዘን ወደነበረ ግቢ ነው። በሩ ላይ አንድ መዝጋቢ ኪሴን አራግፎ ያገኘውን በደብተር ጻፈ፤ ስልክ አንድ፣ ቀበቶ አንድ፣ የጆሮ ማዳመጫ አንድ። ለአስሜ የምስበውን መድኃኒት አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ከዚያ የቆርቆሮውን በር ገፍቶ አስገባኝ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። እህሉ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ የነቀዝ መድኃኒቱ ግን ከግድግዳው አልለቀቀም። ጣሪያው በምስማር ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ በየቀዳዳው ቀጭን ብርሃን ይወርድና ሲሚንቶው ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ይሠራል። ስድስት ሰዎች ባዶ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ።

«እንደምን ዋላችሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ረዘም አድርገው ነው ያዩኝ። ከዚያ ጠጋ አሉና ከማዳበሪያቸው ግማሹን ለቀቁልኝ።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ አስተማሪ ነኝ አልኩ። ማን ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ደግሞም እዚያ ያደረሰኝ አፌ ስለሆነ ለጊዜው ልዘጋው ፈለግሁ።

አፌ ያመጣብኝ ነገር ይህ ነው። ጣቢያችን የአድማጮቹ ነበር። በከተማውም በሀብሩ ገጠርም በየቀበሌው የአድማጮች ቡድን አለ፤ ቡድኑ ሰብሳቢ ይመርጣል፣ ሰብሳቢዎቹ ተገናኝተው የጣቢያውን ጉዳይ ይወስናሉ። እኔ ሰባት ዓመት የዘጠኝ ሰዓቱን ፕሮግራም አቅርቤያለሁ። የጠፋ በሬ፣ የተገኘ መታወቂያ፣ የመርዶና የሠርግ ጥሪ፣ የመርሳ ገበያ ውሎ። ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባጃጁም ሻይ ቤቱም ያንኑ ይከፍታል።

መጀመሪያ የማሰራጫውን ጉልበት ቀነሱትና ድምፃችን ከሲሪንቃ ማዶ መሻገር አቆመ። ብልሽት ነው ተባልን። ቀጥሎ ጣቢያው ሩቅ ከተማ ላለ ድርጅት ተላልፏል የሚል ወረቀት መጣ። የሞገድ ቁጥሩ ያው ነው፤ የዘጠኝ ሰዓቱ ፕሮግራም ግን ቀርቶ በቦታው ከዚያ የሚላክ ዘፈንና ቀልድ ሊገባ ሆነ። ወረቀቱ የአድማጭ ቡድን ሰብሳቢዎች ተሰብስበው በሙሉ ድምፅ አስረከቡ ይላል። በመጨረሻው ፕሮግራሜ ላይ፣ «እኔ ስለዚህ ስብሰባ አልሰማሁም፤ የተሰበሰበ ሰው ካለ ይደውልልኝ» አልኩ። ስልኩ እረፍት አጣ። የደወለው ሁሉ አልተሰበሰብንም ነው የሚለው። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ሁለቱ ሰዎች መጡ።

ሽማግሌው የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። በማግስቱ ያመጣቸውን ነገር ራሳቸው አጫወቱኝ። ከመርሳ ወርዶ በእግር ሰዓታት ከሚያስኬድ የሀብሩ ቆላ ናቸው።

«ራዲዮኔ ዝም አለች» ብለው ጀመሩ። «የባትሪ ድንጋይ ቀየርኩላት፤ ዝም። ጉብታ ላይ ይዣት ወጣሁ፤ ሹሹ ከማለት በቀር ዝም። ሰፈሩ፣ 'የቡድኑ ሰብሳቢ አንቱ ነዎት፣ ሄደው ይጠይቁልን' አለኝ። ታቅፌያት መጣሁ።»

የጣቢያው ቢሮ ሲደርሱ ያንኑ ወረቀት አሳዩዋቸው። ከስማቸው ጎን ፊርማ አለ። የእኔ አይደለም አሉ። እስኪያስታውሱ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ጊዜው የተሰጣቸው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ራዲዮናቸውም ደብተሩ ላይ ተመዘገበች።

በየጠዋቱ መዝጋቢው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል።

«አባባ፣ ፊርማው የእኔ ነው ይበሉና ወደ ማሽላዎ ይሂዱ።»

«የተማረ ሰው እጅ ነው ልጄ። እኔ እስክሪብቶ ይዤ አላውቅም፤ ያለኝ ይቺ አውራ ጣት ናት። እንዴት ብዬ የሰው እጅ የእኔ ነው ልበል?»

መዝጋቢው ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል። እሳቸው ለሶላት ታጥበው ውዱእ ወደሚያደርጉበት ጆግ ዞር ይላሉ። ማሽላቸው ደርሷል፣ ወፍ እየወረደበት ነው፤ ባለቤታቸው ብቻቸውን ናቸው። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩኝ። ነግረውኝም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አንድ ጊዜ ውሃ ሳቀብላቸው «ይጠጡ ሐጂ» አልኳቸው፤ ለማክበር ነው። ጆጉን ሳይቀበሉ፣ «ሐጅ አልሄድኩም» አሉኝ። «ካዕባን ሳላይ ሐጂ አትበለኝ። አባባ ይበቃኛል።» ከዚያ ተቀብለው ጠጡ። ሰውዬው በማዕረግ ሲጠሩት እንኳ ትርፍ አይወድም ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ወደ ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ አጠገባቸው የተቀመጥኩት ባልሆንኩት አስተማሪነት ነው።

እንደ እሳቸው አይደለሁም። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ጠሩኝ። የአዲሶቹ ባለቤቶች ተወካይ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። ግማሽ ገጽ ወረቀት ዘረጋልኝ። አድማጮች ተሰብስበው ጣቢያውን በሙሉ ድምፅ እንዳስረከቡ፣ እኔም በመጨረሻው ፕሮግራሜ የተናገርኩት ሳላጣራ እንደነበር ይላል።

«አንብበውና ቀድተን እናሰማው። አንተም ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» አለኝ። «እኛን ገና አልለመዱንም፤ ያንተን ድምፅ ያምናሉ።»

መድኃኒቴ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ደረቴ ሲያፏጭ ለራሴ ይሰማኛል። እሺ አልኩ። አልሸሽግም፣ እሺ ስል ቀለል ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቀትር ካለፈ በኋላ ጠባቂው በሩን ከፈተና፣ «አንተ የራዲዮኑ ሰውዬ! ነገ ጠዋት ለቅጂ ተዘጋጅ፤ አንብበህ ትወጣለህ» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተማሪነቴ እዚያው ላይ አበቃ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ሽማግሌው ሲሚንቶውን ነው የሚያዩት። ከብርሃኖቹ ክቦች አንዷ እየተጓዘች አንድ ስንጥቅ ላይ ስትደርስ «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ» የማለት ልማድ ነበራቸው። ሰዓት ካሰረ ሰው ጋር ቢነጻጸሩ እንኳ ብዙ የሚሳሳቱ አይመስለኝም። «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዛሬ የገበያ ውሎ ይነገር ነበር» ይላሉ። ያን ቀንም ክቧ ስንጥቁ ላይ እስክትደርስ ጠበቁ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ወሬ ጀመሩ።

«አንድ ጊዜ በሬ ጠፋብኝ። ቡሬ በሬ። በራዲዮን አስነገርኩ። በሁለተኛው ቀን ያ ልጅ፣ 'ቡሬው ወልድያ ተገኝቷል፣ ጥቁሩ መርሳ ተገኝቷል' አለ። በእግሬም በመኪናም ብዬ ወልድያ መጣሁ። ብመጣ፣ የታሰረው ጥቁር በሬ!»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሁለቱን ወረቀቶች አቀያይሬ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

«ተቃጥዬ ተመለስኩ። ራዲዮኗን ከግድግዳ ጋር ላጋጫት ትንሽ ቀረኝ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ያ ልጅ ዘፈን እንኳ ሳያስቀድም 'እርማት አለኝ' አለ። 'ከትናንት ወዲያ ያነበብኩት ስህተት ነው። ቡሬው ያለው መርሳ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ በእኔ ምክንያት መንገድ የወጣ ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ' አለ። ወላሂ፣ በሬዬን ረሳሁት! ዕድሜዬን ሙሉ ራዲዮን ስሰማ፣ ተሳሳትኩ ያለ ራዲዮን ሰምቼ አላውቅም። ያ ልጅ ያለውን ማመን የጀመርኩ ያን ዕለት ነው።»

ያን ዕለት የጣቢያው ኃላፊ ምን እንዳለኝ ትዝ አለኝ። በየጥቃቅኑ ይቅርታ እያልክ ጣቢያውን አታስንቅ ነበር ያለኝ። እኔም ተግሣጹን ይዤ ኖርኩ እንጂ፣ ያቺ እርማት ሀብሩ ቆላ ድረስ ሄዳ አንድ ሰው ቤት ተቀምጣ እንደነበር አላውቅም።

«አባባ» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «መቼ አወቁኝ?»

«'እንደምን ዋላችሁ' ስትል። ሰባት ዓመት ቤቴ ስትገባ የኖርክ ሰው!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አስተማሪ ነኝ አልክ። ሰው ራሱን የሚደብቀው ቸግሮት ነው። ምን ብዬ ልግለጥህ?»

ስለ ነገው ቅጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ተነሥተው ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ውዱእ አደረጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ተወካዩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መቅዳት ጀመረ። አነበብኩ። ድምፄ ሻክሯል እንጂ ያው የዘጠኝ ሰዓቱ ድምፅ ነው። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ስደርስ የሽማግሌው አውራ ጣት ታየኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ተወካዩ ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ስልኩ ሲሰድ፣

«እርማት አለኝ» አልኩ። «አሁን ያነበብኩት ስህተት ነው። አድማጮቹ አልተሰበሰቡም። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ።»

ቅጂውን አጠፋው። አልጮኸም፣ አልተማታም። «እንግዲያው ቆይ» አለኝ። ቆየሁ፤ ሌላ ሦስት ሳምንት። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ደግነቱ ባለቤቴ በዚያው ቀን ከቤት ከምታቀብለኝ ምሳ ጋር አዲስ መድኃኒት አስገባችልኝ።

«አነበብክ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አነበብኩ።»

«ከዚያስ?»

«እርማት አለኝ አልኩ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝና ከማዳበሪያው ተነሥተው ሙሉውን ለቀቁልኝ።

ከአራት ቀን በኋላ እሳቸው ሊለቀቁ ተጠሩ። የፊርማው ነገር እንዴት እንደታለፈ የነገራቸው የለም፤ ምናልባት ሰዎቹ ታክቷቸው ይሆናል። መዝጋቢው በራችን ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ ራዲዮኗን ሰጣቸው። ባለቤታቸው የሰፉላትን ባለ አበባ ልብስ እንደለበሰች ናት። ቀጥሎ አንድ ወረቀትና የጣት ቀለም አቀረበላቸው።

«ጣትዎን እዚህ ላይ።»

«ምን ይላል?»

«ንብረትዎን ተረከቡ ነው የሚለው።»

«ያ ልጅ ያንብብልኝ» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «የሱን ንባብ ለምጃለሁ።»

መዝጋቢው ቸኩሏል፤ ወረቀቱን አቀበለኝ። እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ አነበብኩ። «አንድ ራዲዮ፣ ምንም ሳይጎድል ተረክቤያለሁ» ይላል። ሽማግሌው ልብሷን ገልጠው የኋላ ክዳኗን ከፈቱ። ሁለቱም የባትሪ ድንጋዮች የሉም።

«ጎድሏል» አሉ።

«አባባ፣ ሁለት ድንጋይ እኮ ነው!» መዝጋቢው ሳቀ። «እኔ ራሴ ከሱቅ ገዝቼ እሰጥዎታለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ። ድንጋዩን አልፈልግም፤ ወረቀቱ ይስተካከል።»

ጠባቂው ተቆጣ። መዝጋቢው አለቃው ዘንድ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። የመርሳ መኪና ሊያመልጣቸው ነው፤ ወፉ ማሽላው ላይ ነው። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ጨብጠው ፀሐይ ላይ ቆሙ። አንድ ሰዓት ሳያልፍ አይቀርም። በመጨረሻ መዝጋቢው ከመስመሩ በላይ «ሁለት ባትሪ ድንጋይ ሲቀር» ብሎ በእስክሪብቶ ጨመረ። እንደገና አነበብኩላቸው። ያን ጊዜ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ረጋ ብለው አሳረፉት። ፊታቸው ላይ ኩራት እንኳ አልነበረም፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይመስሉ ነበር። ያቺን ቀለም የነካት ጣት መሳም አማረኝ።

እኔ ስወጣ የማዳመጫው አንዱ ጆሮ ተሰብሮ ነበር። አስጻፍኩት።

አሁን ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈት ሥራ አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ በሬ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ማስታወቂያ አዘጋጅለታለሁ፣ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ጊዜ አነብለታለሁ። ጣቢያው እንደዚያው ነው። በዚያው ቁጥር ዘፈን ያጫውታል፤ ከሲሪንቃ ማዶ ዛሬም አይሰማም።

ባለፈው ወር ሽማግሌው ቤት ሄጄ ነበር። የዚያን ዓመት ማሽላ ግማሹን ወፍ እንደበላው ነገሩኝ፤ አላማረሩም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ራዲዮኗን ከምሰሶው አወረዱና ከፈቱ። ሹሹታ ብቻ። ጆሯቸውን አስጠግተው ትንሽ ቆዩ፣ ዘጉ። በየቀኑ እንዲህ እንደሚያደርጉ ባለቤታቸው ነገሩኝ። «ድንጋይ ይጨርሳሉ» ብለው አሙልኝ።

«አባባ፣ የሚሰማ ነገር እኮ የለም። ምን ይጠብቃሉ?» አልኳቸው።

የራዲዮኗን ልብስ እየቆለፉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ተሰብስባችሁ አስረከባችሁ አላሉንም?» አሉ። «እርማቱን ነዋ።»