ያልታዘዘችው

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ «አለቃ» ይለዋል። ሥራው የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ ከሱ በታች የሚያዘው አንድም ሰው የለም። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስት አለችው፤ አለቃነቱን በሙሉ እሷ ላይ ይወጣዋል።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። መቀስ ስትጨብጥ ማንንም አትፈራም፤ ደንበኛዋ «ወገቡ ይጥበብልኝ» ብትላት «አይሆንሽም» ብላ ቁርጡን ትነግራታለች። ከስፌት ማሽኗ ከተነሳች በኋላ ግን ያቺ ሴት የለችም። «ጨው ልጨምር?» ብትል ጮኸባት፤ ሳትጠይቀው ብትጨምር ሳህኑን ገፈተረው። ውላ አድራ መላው ገባት፦ ያዘዛትን ማድረግ፣ ያላዘዛትን አለመንካት፣ ምንም አለመጠየቅ። አንድ ቀን «በሩን ያዢ» ብሏት ዕቃ ሊያስገባ ወጣና ጎረቤት ቤት ወሬ ይዞት ቀረ። ሲመለስ በሩን እንደያዘች ቆማለች። ይህችን ወሬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራታል። እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እሷም ሻይ እየቀዳች አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ?

በኋላ አለቃ አንድ ያረጀ መኪና ገዛ። ጋራዥ መውሰድ የሚባል ነገር አይዋጥለትም፤ «እኔ እያለሁ?» ይላል። ከመኪናው ጋር ሁለት የብረት መቆሚያዎች መጥተው ነበር፤ መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ ከስር ገብተው ክብደቱን የሚሸከሙ። እነሱን ለሚስቱ ሰጣት፤ እግሩ የተሰበረውን የመተኮሻ ጣውላዋን አስቀመጠችባቸው። ሰውየው በትዳር ዘመኑ ያደረገላት ደግ ነገር ቢፈለግ ይሄው ነው።

አንድ እሁድ የፍሬኑን ቱቦ ሊቀይር ተነሳ። ግቢው ከመኪናው ኋላ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፣ አፈሩም ዝናብ ጠግቧል። በአንድ ክሪክ የፊቱን አንስቶ ጎማውን ፈታ። ከኋላ ጎማዎቹ ስር አንዲት ድንጋይ እንኳ አላስገባም። ክሪኩ ዘመም ማለቱን እሷ አየች።

«ጣውላዬን ላንሳና ብረቶቹን ላምጣልህ?»

«ባንቺ ቤት መካኒክ ሆነሽ ሞተሻል!» አለ፣ በአጥር በኩል ወደሚያያቸው ጎረቤት ዞር ብሎ። «የእጅ ፍሬኑን ስቤዋለሁ። ያ ብረት ለፈሪ ነው።»

«ድንጋይ እንኳ ከጎማው ስር…»

«ሁለተኛ አንድ ነገር ብትጠይቂኝ ውርድ ከራሴ! ግቢና ያልኩሽን ብቻ አድርጊ።»

ጎረቤቱ ሳቀና ወደ ጉዳዩ ሄደ። እሷ መሪው ጋ ተቀመጠች፤ እሱ በጀርባው ተኝቶ እስከ ደረቱ ከስር ገባ። ሰውየውን ከሞት የሚለየው ያ ክሪክና ያ የእጅ ፍሬን ብቻ ነበር።

ቱቦው ከተቀየረ በኋላ የቀረው ሥራ ውስጡ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። «ርገጪ» ሲላት ፔዳሉን ትረግጣለች፣ «ልቀቂ» ሲላት እግሯን ታነሳለች። ርገጪ፣ ልቀቂ። ርገጪ፣ ልቀቂ። ከዚያ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እግሯን አንስታለች፤ ፔዳሉ ግን አልተመለሰም። ከስር ላለው ሰው ደግሞ ይሄ አይታየውም።

«ልቀቂ!»

ለቅቃለች። «ለቅቄያለሁ» ማለት ግን መመላለስ ነው፤ መመላለስ ምን እንደሚያመጣ ጠንቅቃ ታውቃለች።

«ፍሬኑን ልቀቂ አልኩሽ እኮ! ደንቆሮ ነሽ?»

እግሯን አየች፣ ፔዳሉን አየች። ያልተለቀቀ ፍሬን የቀረው አንድ ብቻ ነው። «የቱን?» ለማለት አፏን ከፈተችና ፈራች። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀችው።

መኪናው ወደ ኋላ ሸተት አለ፤ ክሪኩም ተገነደሰ። አውቃ ነው ያደረገችው የሚሉ አሉ፤ ውሸታሞች ናቸው።

ወርዳ ስትሮጥ የመኪናው ብረት ደረቱ ላይ ተኝቷል። በሕይወት አለ፤ ዓይኖቹ ይንከራተታሉ። ክሪኩ እግሯ ስር ወድቋል። ከአጥሩ ውጭ ሰው ያልፋል፤ አንዴ «ድረሱልኝ!» ብትል በሩን ገንጥሎ የሚገባ አይጠፋም። እሷ ግን ተንበረከከችና ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ምን ላድርግ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«እ? አልሰማሁህም። ምን ላድርግ?»

ጠበቀች። ጎረቤቱ ከሄደበት ተመልሶ አይቷቸው ኡኡ እስኪል ድረስ እዚያው ተንበርክካ ጠበቀች። መኪናው በሰው ክንድ ሲነሳ አለቃ አልቆለት ነበር።

በተቀበረ ማግስት እናቱ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። አልተቆጧትም፤ እንባቸውን እየጠረጉ ነው የጠየቋት።

«እያየሽው፣ አጠገቡ ሆነሽ፣ ምነው አንዴ እንኳ ሰው ብትጠሪ የኔ ልጅ?»

እሷ ቀና ብላ አየቻቸው። ጥያቄው በእውነት ግራ አጋብቷታል።

«አላዘዘኝም እኮ፣ እማማ» አለች።