ቺዝ የሌለው ረድፍ

በማተሚያ ቤታችን ድግስ ሲኖር ስለ ኬክ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው «እታለም ጥቅሎቹን ታመጣለች?» ብሎ ነበር። ታመጣለች። ጥራዝ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ያጠፈ እጅ ሊጥ ማጠፍ አያቅተውም። ቋሊማውን በቁመቱ ሰንጠቅ ታደርግና ቺዝ ትሸጉጥበታለች፣ በሊጥ ትጠቀልለዋለች፣ እንቁላል ቀብታ ኦቨን ውስጥ ሃያ ደቂቃ ታቆየዋለች። አለቀ። እኔ ወረቀት ቆራጩ አንዴ ልሞክረው ብዬ ቺዙ ሁሉ ትሪው ላይ ስለፈሰሰ ባለቤቴ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

አንድ ነገር ግን ያበግነኝ ነበር። ከእያንዳንዱ ትሪ ጥቂቶቹ ቺዝ የላቸውም፤ ዕድሌ ሆኖ ደግሞ እነሱ እኔ እጅ ላይ ይወድቃሉ።

«እታለም፣ ቺዝ አልቆብሽ ነው ወይስ የእኔ ተራ ሲደርስ እጅሽ ያጥራል?» እላታለሁ።

«አፍህን ዘግተህ ብላ» ትለኛለች።

ሰው ይስቃል። እኔ ግን ቋጣሪ ናት እያልኩ ለዓመታት አማኋት።

ጡረታ ስትወጣ የስንብቱ ድግስ ቤቷ ይሁን አለች። ወንበር ላደርስ በጠዋት ሄጄ እዚያው ወጥ ቤት ቀረሁ። ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከቆመባት አንዱ ከኦቨኑ በር ጋር ይጋጫል። እታለም ሊጡን እየዳመጠች ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስትደርስ ቋሊማውን ብቻ ጠቀለለች።

«እዚህ ጋ ቺዝ ረሳሽ» አልኳት። ቺዙ አጠገቧ ተቆልሏል።

«አልረሳሁም። የእህቴ ነው።»

እህት እንዳላት የሰማሁት ያኔ ነው። ታናሽ እህቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ወተትም ቺዝም ስትቀምስ ሆዷን ያማታል። ስለዚህ እታለም በሠራች ቁጥር አንድ ረድፍ ለእሷ ለብቻ ታወጣላት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናታቸው ሲታመሙ፣ ማን ያስታምም በሚል ተካረሩ። እታለም «አንቺ የምትመጪው ሲመችሽ ብቻ ነው» አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናትየው ተቀበሩ፤ ያቺ ቃል ግን ሳትቀበር ቀረች። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ተያይተው አያውቁም።

«ታዲያ ለመሥሪያ ቤት ድግስ ስትሠሪ ለእሷ ምን ያደርጋል?»

«እጄ እምቢ አለኝ። ረድፉን ብተው እሷን የተውኳት ይመስለኛል።» ዱቄቱን ከጣቷ አራገፈች። «ለዛሬ የጥሪ ካርድ ልኬላታለሁ። ከመጣች ይበቃኛል፣ ሌላ ስንብት አያሻኝም።»

ስንት ዓመት የሰው ድርሻ እየበላሁ ሳማርር እንደኖርኩ ሳስብ አፈርኩ።

እንግዳው ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ እታለም አንዱንም የሰማች አይመስለኝም፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ያቺን ረድፍ በሳህን አድርጋ ፍሪጅ ላይ አስቀምጣታለች። ማንም እንዳይነካት ዘብ የቆምኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ረዘም ያለች ወጣት ገባች። አገጯ የእታለም አገጭ ነው።

«አክስቴ» አለች። «እማዬ ልትመጣ ለባብሳ ነበር። የቤታችን ደጅ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት። አንቺ ሂጂልኝ አለችኝ።»

እታለም አቅፋት ቆየች። ከዚያ እኔ ወደቆምኩበት ወደ ወጥ ቤቱ በር ይዛት መጣችና ሳህኑን አውርዳ ጥቅሎቹን በወረቀት ቋጠረቻቸው።

«ይሄን ስጪልኝ። ቺዝ የለውም፣ ሳትሰጋ ትብላው በያት።»

ልጅቷ ቋጠሮውን ተቀብላ አገላበጠችው። ልትዋሽላት የፈለገች መሰለኝ፤ አልሆነላትም።

«አክስቴ፣ እማዬ እኮ አሁን ቺዝ ትበላለች። ታክማ ከተስማማት አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እንዲያውም በጣም ትወደዋለች።»

እታለም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አራት ዓመት» አለች። ዕንባዋን ለመደበቅም አልሞከረችም። «እኔ ለካ ስናፍቅ የኖርኩት የድሮዋን ነው። የዛሬዋን አላውቃትም።»

ሳሎኑ ውስጥ ጨዋታው ደርቷል። እታለም ሌላውን ወንበር ወደ ልጅቷ ገፋችላት።

«ተቀመጪ። ሌላስ ምኗ ተለወጠ? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ተቀመጠች።

«ፀጉሯ ሸብቷል» ብላ ጀመረች።