መርሳ ላይ የጻፍኳት ሰባት

«ኔትወርክ የለም» የምትባለዋን ነገር እጠላታለሁ። መብራት ሲጠፋም፣ ገመድ ሲበጠስም፣ ባለሙያው ሲሳሳትም ሰዉ ያቺኑ ይልና ዝናብ እንደከዳው ገበሬ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማን አጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ከኋላዋ ስንት ጊዜ ተደብቄያለሁ። የአንዱ ቀን ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ሥራዬ ወልድያ ተቀምጬ የየወረዳውን መሥሪያ ቤቶች በመስመር ማገናኘት ነው። ራውተር የሚባለው ሣጥን የትኞቹን መረቦች ለጎረቤቶቹ ራውተሮች እንደሚያስታውቅ እኛ እንነግረዋለን። የምንነግረው ዋይልድካርድ ማስክ በሚባሉ ቁጥሮች ነው። ዜሮ የተጻፈበት ቦታ ሳይዛነፍ ይመሳሰል ማለት ነው፤ ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ካለበት ደግሞ እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ይግባ ማለት ነው። የወልድያው ቢሮ ስምንት መረብ ስላለው፣ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ሰባት እንጽፍለታለን። መርሳ ያለው ዐሥራ ስድስት ነው፤ ዐሥራ አምስት መባል ነበረበት።

እኔ መርሳ ሄጄ ምን አደረግሁ? የወልድያውን ትእዛዝ ከስልኬ ማስታወሻ ገለበጥኩ፣ የፊቱን ቁጥር ቀየርኩ፣ ሰባቷን እንዳለች ተውኳት። ሁላችንም የምንሠራው እንዲህ ነው፤ አንዴ የሠራልንን ትእዛዝ እንደ ዳዊት እንደግመዋለን። መቀነስና መደመር የሚጠላ ሰው ለምን እዚህ ሙያ ውስጥ እንደሚገባ እንጃ።

ራውተሩ ቅር ሳይለው ተቀበለኝ። ሰባት ለእሱ ስህተት አይደለችም፤ ግማሹን መረብ ውጭ ታስቀራለች እንጂ። የፊት ለፊቱን ቢሮዎች ሞከርኩ፣ ሠሩ። ከግቢው ጀርባ ያለችው፣ ምስክር ከሩቅ ችሎት ጋር በቪዲዮ የሚገናኝባት ክፍል ተቆልፋለች፤ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሊደርስ ውርጌሳ ከተማ ሄዷል አሉኝ። «እሷም ትሠራለች» ብዬ ሚኒባስ ያዝኩ።

በሳምንቱ ከዚያች ክፍል ተደወለልኝ። ልጃቸው ሩቅ ክፍለ አገር የታሰረባቸው አንድ ሽማግሌ ለይግባኙ ሊመሰክሩ ቀርበዋል። ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት ቀን ልጁ አብሯቸው ማሽላ ሲያጭድ ነበር የዋለው። መንገዱን ስለማይችሉት ፍርድ ቤቱ ከመርሳ ሆነው በቪዲዮ እንዲመሰክሩ ፈቅዶላቸዋል። ልጃቸውን ካዩት ሦስት ዓመት አልፏል። የሚያዩት ያን ቀን ነበር፤ መስመሩ ግን አልሠራም።

ሲሪንቃን አልፌ መርሳ እስክደርስ ሰዓቱ አለፈ። ሽማግሌው የክት ጋቢያቸውን ለብሰው ከጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። ሴት ልጃቸው ከጎናቸው ቆማለች። ሰባቷን በዐሥራ አምስት ለመተካት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስክሪኑ በራ። ማዶ ያለው ችሎት ተነሥቶ ባዶ ወንበሮች ብቻ ታዩ።

«ልጄ የትኛው ላይ ነበር የተቀመጠው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ቀጠሮው በሁለት ወር መተላለፉን ልጃቸው ነገረችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«አብሽር፣ የኔ ልጅ። ኔትወርክ ነው፤ አንተ ምን ታረገዋለህ? እግዜር ያሳድግህ» አሉና መረቁኝ።

«አሜን» አልኩ። በዚያች አሜን አፍራለሁ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ሞቱ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ማንም ሳይጠራኝ በማለዳ መርሳ ገብቼ መስመሩን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። በአባቷ ፈንታ ልትመሰክር ልጅቷ መጣች። ጥቁሯን አውልቃ የሰው ቀይ ሹራብ ለብሳለች፤ ለሐዘን የተላጨችውን ራሷን በሻሽ ጠምጥማዋለች።

«ወንድሜ አልሰማም፤ ጠበቃውም በጽሑፍ ነው ለዳኛው የነገረልን» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሽማግሌ ይዘን ሄደን ነው መርዶውን የምንነግረው። አደራ፣ እዚያ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ።»

ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የጠራ መስመር አላየሁም። ወጣቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጧል። ዳኛው መዝገብ ሲያገላብጡ እሱ አንገቱን ወደ እኛ አሰገገ።

«አባባስ? ባለፈው እንዲያው ስክሪኑን ስክሪኑን ሳይ ዋልኩ።»

«ትንሽ ደክሟቸው ነው» አለች።

ዓይኑ ፊቷ ላይ ቆየና ወደ ላይ፣ ወደ ግንባሯ ሄደ።

«ሻሽሽን አንሺው እስቲ» አላት።

አላነሳችውም። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እሱ አልጮኸም፤ እጁ በካቴና ስለታሰረ ፊቱን እንኳ መሸፈን አልቻለም። እዚህም እዚያም የሚናገር ጠፋ። ልጅቷ እጇን አውርዳ ስታየው ዳኛው ከመዝገቡ ቀና አሉ።

«ቴክኒሻን፣ መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም፣ ክቡር ዳኛ» አልኩ። «እየተያዩ ነው።»