ሐኪሟ ያላለችው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለጓደኛ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባትም አልነገርኩም፤ ለራሴ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ «ያ ነገር» እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን በስሙ ልጥራው፦ አባቴን ዋሸሁት። ሐኪም ያላለችውን «ብላለች» ብዬ፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ ሲያቅደው የከረመውን ጉዞ አስቀረሁበት።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እኔ ሳልወለድ ከአዲስ አበባ አሰብ ይመላለስ ነበር። ኦስሎ ከመጣ ወዲህ ግን ከመሪ ይልቅ መወልወያ ነው የያዘው፤ ጠዋት ሄልስፊር ባሉት ቢሮዎች፣ ከሰዓት መሀል ከተማው ሴንትሩም። እናቴ የሞተችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞርተንሩድ ባለው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ቀረን። አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። ቅዳሜ ያጥባታል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዞን ይሄዳል፣ በቃ። «ይሄ መንዳት አይባልም» ይል ነበር፤ «መኪናዋን ማናፈስ ነው።»

እ.ኤ.አ. በ2014 ጡረታ ሲወጣ ከኦስሎ እስከ ስታቫንገር ባሕሩን ይዘን እንሂድ አለኝ። እኔና እሱ፣ አምስት ቀን፣ በሐምሌ። ለምን ያ መንገድ እንደሆነ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሰብ ሲደርስ፣ ጭነቱ እስኪራገፍ ድረስ ባሕሩን ለማየት ጥቂት ሰዓት ያገኝ ነበር። «ባሕር ጋ ደርሼ ነው የምመለሰው» ይላል፤ «ባሕር አጠገብ ነድቼ ግን አላውቅም።»

ዕቅዱን የጻፈው ባለካሬ መስመር ደብተር ላይ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ካርታ ተውሶ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከረመ። ኪሎ ሜትር አይጽፍም፤ ማረፊያ ነው የሚጽፈው። «ላርቪክ፣ ሻይ፣ ጎማ ይታይ።» «ክርስቲያንሳንድ፣ አዳር። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙራ ትቁም።» «ከፍሌክፊዮርድ በኋላ ጠመዝማዛ ነው፣ በቀን ብቻ። ልጅቷ ብትተኛ ትቀስቀስ።» እኔ ደግሞ ስልኬን ከፍቼ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ራሱ መንገዱን ይነግረናል» እለዋለሁ። «ስልክሽ ሲደክምሽ ያውቃል?» አለኝ አንድ ቀን። ሳቅኩበት።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላምጣው። በዚያው ሰሞን አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ጫካ ውስጥ ወዳለች የእረፍት ቤት፣ ሂታ ወደሚሏት፣ ጋበዙኝ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስማር ሂታ ሲጠሩኝ የመጀመሪያው ነው። ቀኑ ከአባቴ ጉዞ ጋር አንድ ሆነ። እኔም አባቴን ሳላማክር «ያ» አልኳቸው፣ እሺ ማለቴ ነው። አባቴ ቢሰማ ይቆጣ ነበር? አይቆጣም። «ሳምንቱን እንግፋው» ብለው «እሺ ልጄ» ነበር የሚለኝ። ታዲያ ለምን አልነገርኩትም? ከእሱ ይልቅ እነሱን እንደመረጥኩ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም። መምረጡን ግን መርጬ ነበር። አየሽ ክፋቴን እላለሁ ለራሴ፤ ማስቀየሙን ሳይሆን መታየቱን ነው የፈራሁት።

አባቴ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። በዚህ ምክንያት መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ በየጊዜው የሐኪም ወረቀት ያስፈልገዋል። ቀጠሮው ሰኔ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያው አስተርጓሚ፣ ቶልክ የሚሉትን፣ ላምጣልህ ወይ ብሎ አባቴን ጠይቆት ነበር፤ የሚመጡት ጋሽ መኮንን ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። አባቴ እምቢ አለ። «እሑድ በር ላይ ሲጨብጠኝ ስኳሬን እያሰበ ነው የሚጨብጠኝ። ቶልክ አልፈልግም፣ ልጄ አለችልኝ። እሷ አፌ ናት» አለ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ደብዳቤውን ሁሉ የማነብለት እኔ ነኝ። አንድም ቀን «እውነትሽን ነው?» ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሟ፣ ፋስትሌግ የሚሏት የቤተሰብ ሐኪም፣ ዓይኑን አየች፣ የደሙን ውጤት አየች። ሁሉም ደህና ነው አለች። ከመንዳቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይረፍ፣ ሌላ ምንም የለም። ስለ ጉዞው ስነግራት ፊቷ በራ፤ እሷም በልጅነቷ በዚያ መንገድ ሄዳ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ፈርማ በእጄ ሰጠችኝ።

አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ እሷን አላያትም። የሚያየው የእኔን አፍ ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ዓይንህ ለመንዳት አይሆንም አለች።»

«ረጅም መንገድ ነው? ወይስ ጭራሽ?» አለኝ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የመጀመሪያው አመለጠኝ ልበል፤ ሁለተኛውስ? አባቴ በጥያቄው በር ከፍቶልኝ ነበር እኮ። «ረጅም መንገድ ብቻ» ብለው ቢያንስ መኪናዋ ትተርፍለት ነበር። እኔ ግን ውሸቱ የሚያዝብኝ መሰለኝና «ጭራሽ» አልኩት።

አባቴ ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ፣ ለሐኪሟ እጁን ዘረጋና «ታክ» አላት፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። እሷም ደስ ያለው መስሏት በሁለት እጇ ጨበጠችው። እኔ መሐላቸው ቆሜ ነበር። የሆነውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ባቡር ውስጥ «ሐኪም ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ። ነሐሴ ላይ መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አለፈ። መስከረም ላይ መኪናዋን ሸጣት። ገዢው ይዟት ሲሄድ መስኮት ላይ ቆሞ «ማርሹን እያስጮኸው ነው» አለኝ። ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ። «አንድ ቀን ከጓደኞችሽ ጋር ትሄጂበታለሽ» አለ።

ሂታውስ? ሄድኩ። አራት ቀን ዘነበ። አንዷ ልጅ ወላጆቼ ዕረፍቱን የት እንደሚያሳልፉ ጠየቀችኝ፤ አባቴ ወደ ስታቫንገር በባሕሩ ዳር እየነዳ ነው አልኳት። እንዴት ደስ ይላል አለች። እኔም አዎ አልኩ፣ እንዲያውም የት የት እንደሚያርፍ ነገርኳት። ላርቪክ ሻይ፣ ክርስቲያንሳንድ አዳር። የሚያስደነግጠኝ ይህን ስናገር ልቤ ደስ ብሎት እንደነበር ነው።

ደብተሩን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ከዓመት በኋላ ነው። የመጨረሻው ቀን ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከኤገርሱን ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው። መሪውን ለእሷ ስጥ። አትቆጣት።» መንዳት ሊያስተምረኝ ነበር። እስከ ዛሬ መንዳት አልችልም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ኦስሎ ውስጥ መኪና ምን ያደርጋል እላለሁ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደ። ባለፈው የበረዶ ወራት አባቴ በእውነት ማየት ተሳነው፤ ስኳሩ ዓይኑን ጎዳው። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን፤ አሁንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ዓይኑ እንደማይመለስ፣ ከእንግዲህም መንዳት የማይታሰብ እንደሆነ ነገርኩት። አባቴ ግን አልደነገጠም። ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝና «እሱንማ ያኔ ነግረውኝ የለ? ያቺ ፋስትሌግ ጎበዝ ናት፣ ቀድማ አይታዋለች። ባትከለክለኝ ኖሮ አንቺን ይዤ ገደል እገባ ነበር» አለኝ።

ያቺን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውሸቴን ተሸክሞ አምስት ዓመት ሲኖር አመስግኖበታል። ሰው ቢሰማ «ማን ያውቃል፣ ምናልባት አድነሽው ይሆናል» ይለኛል። አላዳንኩትም። ያኔ ዓይኑ ደህና ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ደህና ነበር፤ በእነዚያ አራት ዓመታት ሜትሮ ውስጥ መጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት የሐዲዱን ኩርባ ሲያይ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ወረቀቱ ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በማንኛውም ቀን አውጥቼ «አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ» ልለው እችል ነበር። ወጣት ነበርኩ ልበል? ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እሱ በዚያ ዕድሜው የሰው ንብረት በአደራ ጭኖ በረሃ ያቋርጥ ነበር። አደራ ምን እንደሆነ አላወቅኩም እንዳልል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሱን ቃል በአፌ ተሸክሜ ነው ያደግኩት።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት እሱ ራሱ እንዲያነበው ብዬ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ዘግይቻለሁ፤ ዓይኑ ጽሑፍ አይለይም። እኔ ላንብብለት እንዳልል ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ፊቱን አይና እዘላታለሁ፤ እሱም አያውቅብኝም። ስለዚህ ጽሑፉን ለጋሽ መኮንን ነው የምሰጠው።

ጋሽ መኮንን፣ አባቴ ያኔ እርስዎን እምቢ ያለው ንቆዎት አይደለም፤ ምስጢሩ ከቤት እንዳይወጣ ብሎ ነው። የከዳው ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። እርስዎ ሲያነቡለት እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ይቅርታውን በገዛ አፌ እጠይቀዋለሁ፣ እሱን ለእርስዎ አልተውም፤ ቢነፍገኝም አልከራከረውም። እርስዎን የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንም መስመር አይዝለሉ፣ በተለይ ይህችን። ያን ቀን ሐኪሟ ያለችው እንዲህ ነው፦ «አባትሽ መንዳት ይችላል። መልካም ጉዞ ብላሃለች በይልኝ።»