ከዝርዝሩ የቀረው ሃንድሬል

ይህን ለባለቤቴም፣ በየሳምንቱ አብራኝ ለምትጸልየው ጓደኛዬም አልነገርኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ አፌ ድረስ እየመጣ ተመልሷል። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ይኼም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አይጠፋኝም።

ሥራዬ ሕንፃን መሬት ላይ ከመቆሙ በፊት ኮምፒውተር ውስጥ ማቆም ነው። ቤቴል ሰፈር፣ ከአንድ ካፌ በላይ ባለች ቢሮ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እሠራለሁ። ለእያንዳንዱም ምድብ እመርጥለታለሁ፤ ይኼ ግድግዳ ነው፣ ይኼ በር ነው፣ ይኼ ሃንድሬል፣ የደረጃ የእጅ መደገፊያ ነው እያልኩ። ኮምፒውተሩ እኔ ያልኩትን ነው የሚያምነው። ወደ ሳይት የሚሄደው የዕቃ ዝርዝር ከምድቡ ይወጣል፤ ሳይት ላይ ደግሞ ከዝርዝሩ ውጭ አንዲት ብሎን አትገባም።

ዓለም ባንክ ሰፈር ይሠራ ለነበረ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ጣሪያው ላይ ወዳለው የውሃ ታንከር የምትወጣዋን ደረጃ የሠራሁት እኔ ነኝ። ደረጃዋ ጫፏ ላይ ትዞራለች፤ የፕሮግራሙ ሃንድሬል እዚያ ጋ አልታጠፍ ብሎ አበሳጨኝ። በራሴ መንገድ ቅርጹን ሠራሁት። ምድቡን ምረጪ ሲለኝ «ሌላ» የሚለውን ነክቼ አለፍኩ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያያችሁት እንደሆነ ሃንድሬል ነው፣ ያምራል እንኳ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም፤ «ሌላ» የተባለ ነገር ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

የሳይቱ ፎርማን ጋሽ በቀለ ይባላሉ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምናመልከው፤ እዚያ ቢሮ ያስቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ዝርዝሩ የተሰጣቸው ታብሌት ላይ በደረሰ ቀን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የታንከሩ ደረጃ ሃንድሬል ሥዕሉ ላይ አለ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን አጣሁት። የቱን ልከተል?»

«ዝርዝሩን ይከተሉ ጋሼ፣ ዝርዝሩ አይሳሳትም» አልኳቸው።

ከፍቼ አላየሁም። ለማየት ስንት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር? ሽማግሌ አንድ ነገር ሁለቴ ካልጠየቀ አይሆንለትም ብዬ ንቄያቸው ነበር። አዎ፣ ንቄያቸው ነበር።

ቤቱ ሊያልቅ ሲል፣ ለጽዳት የተቀጠረች አስናቀች የምትባል ሴት ባልዲ ይዛ ከታንከሩ ስትወርድ ከዚያች ጫፍ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ያለ ክራንች አትሄድም።

ወሬውን ጠዋት ቢሮ ስገባ ሰማሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አይ፣ እናንተን ምን አገባችሁ፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አለቃችን ሳይመጣ የቤቱን ሞዴል ከፈትኩና «ሌላ» የሚለውን «ሃንድሬል» አደረግሁት። ምድቡን ቀየርኩት። ዝርዝሩም ወዲያው ራሱን አስተካከለ፣ ጋሽ በቀለ እጅ ላይ ያለው ታብሌት ሳይቀር።

ከሰዓት በኋላ ተጠርተው መጡ። አለቃችን ዝርዝሩን አሳያቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ እንደገና አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዝርዝሩን ይከተሉ ብለሽኝ ነበር እኮ ልጄ። ለካ እኔ ነኝ ያላየሁት» አሉ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር።

ማንም ሳያባርራቸው ሥራውን ተዉት። አስናቀችን ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሄዱም ብቻዬን ይከብደኛል ብለው እኔን አስከተሉኝ። እግሯ ላይ ወድቀው በእኔ ጥፋት አለቀሱ። እሷም እያለቀሰች፣ «ይነሱ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት» አለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ «አሜን» አልኩ። ምድቡን ከቀየርኩበት ጣት ይልቅ ያንን «አሜን» ያለው አፌ ያስጠላኛል።

አሁን ጋሽ በቀለ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር፣ ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ይውላሉ። የዘይቱን ዋጋ እንኳ ደንበኛውን አንብብልኝ ይላሉ። ሐኪም ዓይናቸው ደህና ነው ቢላቸው፣ «እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው የደከመው» ብለው ባሰባቸው። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሰጡኝ።

«አንቺ አንብቢልኝ ልጄ፣ እኔ እሳሳታለሁ።»

ይቅርታን ከእናንተ አልለምንም፤ የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም። «ጋሼ፣ ያኔ በትክክል ነው ያዩት፤ የቀየርኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ጆሯቸው ከአፌ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር።

መጽሐፉን ተቀብዬ አነበብኩላቸው።