ጽጌ የለቀቀችው ቃሬዛ

ባለፈው ሳምንት ቡልቡላ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ አንዲት ሄሊኮፕተር ዝቅ ብላ ወደ ኤርፖርቱ አለፈች። ጎረቤቴ «ከገጠር በሽተኛ ይዛ ይሆናል» አለችኝ። እኔ እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ታላቅ እህቴ ጽጌ ወሎ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። በዚያ ክረምት ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ከተማ ይዛ ስትሄድ መኪናቸው ጭቃ ላይ ተገለበጠና የጽጌ ቀኝ እግር ተጨፈለቀ። ድልድዩንም ጎርፍ ወስዶታል። የእርዳታ እህል የምታመላልስ ሄሊኮፕተር ጽጌን ቦሌ እንደምታደርሳት በስልክ ተነገረን።

አባዬና እኔ ከማለዳ ጀምሮ የኤርፖርቱ አጥር ሥር ቆምን። አካባቢው ያኔ እርሻ ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አባዬ ከኮቱ ኪስ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እሱ ደመናውን ብቻ ያያል። የልጅን ነፍስ ለደመና አደራ መስጠት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ።

በመጨረሻ መጣች። አስገቡንና ወደ ቃሬዛው ሮጥን። የተኛችው የማናውቃት ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ልጄስ?» አለ አባዬ።

አብሯት የመጣው የጤና ረዳት አቀረቀረ። «ቦታው ለአንድ በሽተኛ ብቻ ነው፣ አባባ። ‹እሷ ሁለት ነፍስ ናት፤ እኔ እቆያለሁ› ብላ እምቢ አለችን። ሰማዩ ከተከፈተ ተመልሰን እናመጣታለን።»

ሰማዩ ግን ጭራሽ ተዘጋ። ሴትዮዋ ዘመድ አብሯት ስላልመጣ አባዬ «አንቺ አብረሻት ሂጂ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» አለኝ። አምቡላንሱ ውስጥ ሴትዮዋ እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች።

«ነርሷ ምንሽ ናት?»

«እህቴ።»

ሆስፒታል እንደደረስን በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጣሪያውን የሚደበድበውን ዝናብ እሰማለሁ።

ጽጌ የመጣችው በማግስቱ፣ ሰማዩ ሲከፈት ነው። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እግሯን ግን ሐኪሞቹ ማዳን አልቻሉም።

አሁን ጡረታ ወጥታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ሄሊኮፕተሯ ስታልፍ ልብሱን ትቼ ደወልኩላትና እስከዛሬ ደፍሬ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«ያኔ አልፈራሽም ነበር?»

«እንዴት አልፈራ!» አለችኝ። «ሄሊኮፕተሯ ከተራራው ጀርባ እስክትሰወር እጄን አወዛወዝኩላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት።»

ጀግና ፍርሃት የማያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካስ እህቴ ቦታዋን የለቀቀችው እየፈራች ነው።