የመርከበኛው እንግዳ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የምሠራበት የአስታማሚዎች ኤጀንሲ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ አንድ እንግሊዝ አገር የተወለዱ ሽማግሌ እንድጠብቅ መደበኝ። ሺፍቴ ከጠዋት እስከ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከመሳቢያ አንድ የብር ሜዳሊያ አወጡ። መሃሉ ላይ የእንግሊዟ ንግሥት አለች፤ ዙሪያዋን የተበተኑት ፊደላት ሲገጣጠሙ «አቢሲኒያ» ይላሉ። የአያታቸው ነው። አያትየው የንግሥቲቱ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፤ ከመርከቡ አውርደው፣ ሮኬት በበቅሎ አስጭነው፣ መቅደላ ድረስ አስወጡት።

መርከበኛ ተራራ ላይ ምን ሊሠራ? ምን እንደሠራማ አውቃለሁ፤ የእናቴ አገር ወሎ ነው። እዚያ መቅደላ ገደል ሥር ሰው የቀረበት ቤት ብዙ ነው፣ የእኛም አንዱ ነው።

መርከበኛው ሲያረጅ፣ ነጭ የለበሱ አንድ ሽበታም የመቅደላ ሰው በር ላይ ቆመው ይታዩት ነበር አሉ። ይቅር በሉኝ እያለ ሲያለቅስ ሽማግሌዬ በልጅነታቸው አይተዋል። መልስ ሳያገኝ ሞተ። አሁን ደግሞ ነጭ ለባሹ ሰውዬ ሽማግሌዬ ጋ መምጣት ጀመሩ። ልጃቸው እርጅና ያመጣው መዘባረቅ ነው ለማለት «ዲሜንሺያ ነው፣ ኢግኖር አድርጊው» ትለኛለች። እሳቸው ግን ከመሞታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ አያታቸው ይቅር መባሉን መስማት። እኔ ተናድጄ ነበር። ሰው በሮኬት ፈጅቶ፣ በብር ተሸልሞ፣ አሁን ደግሞ ምርቃትም አምጡ?

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ እያጎረስኳቸው «ነጭ ለባሹ ሽማግሌ ገቡ» አሉኝ። ልማድ ክፉ ነው፤ ማንኪያውን እንደያዝኩ ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። አባቴ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ያልተነሳ ልጅ ወዮለት። ዞር ስል የበረንዳው በር ላይ መጋረጃ እንጂ ማንም የለም። ወይ ጉድ!

የሽማግሌዬ ዓይን እንባ ሞላ። «አንቺም አየሻቸው! ተነሳሽላቸው! በቋንቋቸው ጠይቂልኝ፣ አያቴን ይቅር ብለውታል?»

እመቤቴን፣ ላብ አጠመቀኝ። ከተነሳሁ በኋላ አላየሁም ብል ማን ያምነኛል? ወደ መጋረጃው ዞሬ «አባቴ፣ ይቅር ብለውታል?» አልኩ። ዝም። እግዜር ያሳያችሁ፣ የባዶ ቤት ዝምታ አልነበረም፤ ሰው ሰምቶ ዝም ሲል እንደዚያ ነው። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«ምን አሉ?»

«ብለውታል» አልኩ። ዋሸሁ።

ትንፋሻቸው በረጅሙ ወጣ። እጄን ያዙና «አንቺስ?» አሉኝ።

የሙት ይቅርታ ማደል እንዴት ቀሎኝ ነበር! የራሴን ስጠየቅ ግን፣ ሾርባው ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው ብዬ ኪችን ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ እዚያው ቆየሁ። በማግስቱ ኦፍ ነበርኩ፤ ሽማግሌዬ ያን ቀን አረፉ።